መሰናክልና መምህር

ሰው ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስከሚሞትበት ቀን ድረስ መሰናክል አይለየውም ሲባል ዘወትር እንሰማለን። መከራ ያልቀመሰ ሰው ቁም ነገር አይወጣውም ይባላል፤ ብረት በእሳት፣ ሰው በችግር ይፈተናል ይባላል፤ ካልደፈረሰ አይጠራም ይባላል። እነዚህ አባባሎች እውነት የሌላቸው አይደሉም። ነገር ግን አንድ ቃል ስለ ተደጋገመ ብቻ ሙሉ እውነት አይሆንምና፣ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ መሰናክል በውኑ ለሰው ልጅ በጎ ነገር ነውን? በጎ ከሆነስ፣ በሌላ ሰው ልጅ ፊት መሰናክል ለማቆም፣ ወይም የቆመውን መሰናክል እያዩ ዝም ለማለት መብት ያለው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ሥራ ፈት የሚጫወትበት ጥያቄ አይደለም። ትምህርት ቤት በየትኛው ቀበሌ ይሠራ ብሎ የሚወስን ሹም፣ ፈተና የሚያወጣ መምህር፣ ወድቆ ልነሣ ወይስ ልቅር ብሎ ከራሱ ጋር የሚሟገት ተማሪ፣ ሁሉም ለዚህ ጥያቄ ሳያውቁት በየቀኑ መልስ ይሰጡበታል። ሳያውቁት ከሚመልሱት ይልቅ አውቀው ቢመልሱት የተሻለ ይሆናል። ምስክር ለመቁጠርም፣ መሰናክል መዝለልን ሥራቸው አድርገው ኖረው በኋላ ወደ ማስተማር የዞሩትን ሰዎች ሕይወት ከመመልከት የበለጠ መንገድ ያለ አይመስለንም።

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። ዛሬ የ3,000 ሜትር መሰናክል የምንለው ሩጫ አመጣጡ ከፈረስ ግልቢያ ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ ገጠር ፈረሰኞች ከሩቅ የሚታየውን የቤተ ክርስቲያን ማማ ምልክት አድርገው፣ አጥሩንም ቦዩንም ጅረቱንም እየዘለሉ በቀጥታ ይጋልቡ ነበር። ሰሜን ሸዋን ለሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጎረቤላ ቆሞ ወደ ጥንቱ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታና በዙሪያው ወዳሉት አድባራት የሚመለከት ሰው፣ ዐይን ባንድ አፍታ የደረሰበትን ቦታ እግር በስንት ድካም እንደሚደርስበት ያውቃል። በዐይንና በጉልላቱ መካከል ገደልና ወንዝ አለ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እንግሊዛዊው ፈረሰኛ መሰናክሉን ለጨዋታ መረጠው፤ የአንኮበር ልጅ ግን ተወልዶ አገኘው። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከጊዜ በኋላ ጨዋታው ከሜዳ ወደ ስታዲዮም ገባ፤ ልክም ወጣለት። ከ1912 ዓ.ም. የአንትወርፕ ኦሊምፒክ ጀምሮ ርቀቱ 3,000 ሜትር ሆነ።(ዓመቶቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን።) ሯጩ 28 ጊዜ ደረቁን መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያለበትን ይዘላል። ለወንዶች የመሰናክሉ ቁመት 91.4 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴቶች 76.2 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ መሰናክል ከባድ ግንድ ነውና ቢነኩት አይወድቅም፤ የሚወድቀው የነካው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። እሸቱ ቱራ በ1942 ዓ.ም. በሸዋ፣ በጅሁር የተወለደ ነው። ጅሁርና ጎረቤላ ዛሬ ባንድ የሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ የሚገኙ፣ ደጋውና ቁልቁለቱ የልጅን ሳንባና ጉልበት ገና በጠዋቱ የሚፈትኑባቸው አገሮች ናቸው። የማራቶኑ ጀግና አበበ ቢቂላም የተወለደው ከዚያ ብዙ በማይርቀው፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ባለው በጃቶ ነው። እሸቱ ግን የመረጠው ረጅሙን ጎዳና ሳይሆን መሰናክሉን ነበር። በሐምሌ ወር 1972 ዓ.ም. በሞስኮ በተደረገው ኦሊምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ለመጨረሻው ውድድር ደረሰ።

በዚያ ውድድር ታንዛኒያዊው ፊልበርት ባዪ እንደ ልማዱ ሌሎቹን ጥሎ ብቻውን ከፊት ሮጠ። በመጨረሻው ዙር ግን ፖላንዳዊው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ደረሰበትና አለፈው። ማሊኖቭስኪ በ8 ደቂቃ ከ9.7 ሴኮንድ አንደኛ፣ ባዪ በ8 ደቂቃ ከ12.5 ሴኮንድ ሁለተኛ፣ እሸቱ ቱራ በ8 ደቂቃ ከ13.6 ሴኮንድ ሦስተኛ ሆኑ። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ ካገኘቻቸው አራት ሜዳልያዎች አንዱ ይህ የእሸቱ ነሐስ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 እና በ5,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ስላመጣ፣ የሕዝቡ እልልታ በሙሉ ወደዚያ ሄደ። ፀሐይ በወጣችበት ሰማይ ኮከብ እንዳለ ማን ያያል?

በሞስኮ ሰገነት ላይ የቆሙት የሦስቱ ሰዎች መጨረሻ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ወርቁን የወሰደው ማሊኖቭስኪ በ1974 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ገና በ30 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ሁለቱ የቀሩት ግን ሁለቱም ወደ ማስተማር ዞሩ። እሸቱ ቱራ ሩጫውን ሲያቆም አሠልጣኝ ሆኖ፣ ራሱ የዘለለውን መሰናክል ከሱ በኋላ ለመጡት ልጆች ማስተማርን ሥራው አደረገ። በ1966 ዓ.ም. በ1,500 ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው ፊልበርት ባዪ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ከሕፃናት መዋያ ተነሥተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ፣ በስሙ የሚጠሩ ትምህርት ቤቶችን በታንዛኒያ አቋቋመ።

ከነሱ በፊት የነበረው ኬንያዊው ኪፕቾጌ ኬይኖም እንዲሁ ነው። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በ1,500 ሜትር፣ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በሙኒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል የወርቅ ሜዳልያ ካገኘ በኋላ፣ ከባለቤቱ ጋር በኤልዶሬት አካባቢ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስቦ አሳደገ፤ ትምህርት ቤትም ከፈተላቸው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ በስፖርት አማካይነት ለትምህርትና ለሰላም ለደከሙ ሰዎች የሚሰጠውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረከተው ለሱ ነው።

እንግዲህ መሰናክል ዘላዮች ወደ ማስተማር መዞራቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነውን? «ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ አባባል መሠረት መሰናክልን ማስተማር የሚገባው መሰናክልን የዘለለ ነው ማለት ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማሸነፍ ማስተማር አይደለም። እንዲያውም በአርሲ፣ በበቆጂ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ ዓለምን ያስደነቀ ሯጭ አልነበረም፤ ነገር ግን ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን የመሳሰሉ ልጆች ገና ስማቸው ሳይታወቅ በሱ እጅ አልፈዋል። ስለዚህ ሜዳልያ ያለው ሁሉ መምህር አይደለም፤ መምህርም ሁሉ ሜዳልያ አያስፈልገውም።

ይልቁንም የአሸናፊ ሰው ምክር አንዳንድ ጊዜ አደገኛ ሊሆን ይችላል። አሸናፊ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ የመጣበትን መንገድ ሲመለከት፣ በመንገዱ ላይ የነበረው ሁሉ ለድሉ የተዘጋጀ ይመስለዋል። ረኀቡም፣ ጥማቱም፣ ባዶ እግሩም፣ የመታው ሰው በትርም ሁሉ ለዚህ ክብር አበቃኝ ይላል። «እኔ አልፌዋለሁና አንተም እለፈው» ብሎ ይፈርዳል። በቢሮ የተቀመጠ ሹምም፣ በክፍል ውስጥ የቆመ መምህርም፣ በልጁ ላይ የሚቆጣ አባትም ይህን ቃል ይናገሩታል። ቃሉ የጀግና ቃል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ የቀላቀለ ቃል ነው። መሰናክል ሁለት ዓይነት ነውና።

አንደኛው ልክ ያለው መሰናክል ነው። በአጭር ርቀት የመሰናክል ሩጫ ያለውን ደንብ እንመልከት። በ110 ሜትር ለጎልማሶች የሚቆመው መሰናክል 106.7 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ዕድሜው 20 ዓመት ላልሞላው ወጣት ግን 99.1 ሳንቲ ሜትር፣ 18 ዓመት ላልሞላው ደግሞ 91.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በመሰናክልና በመሰናክል መካከል ያለው ርቀት የታወቀ ነው፤ ብዛቱም አሥር መሆኑ የታወቀ ነው። ጫፉ ላይ ከ3.6 እስከ 4 ኪሎ ግራም በሚሆን ኃይል ሲገፋ እንዲወድቅ ተደርጎ የተሠራ ነውና፣ የነካው ልጅ እንዳይሰበር ታስቦለታል። በአንዱ መስመር ላይ የቆመው በሌላው መስመር ላይ ከቆመው አይበልጥም፣ አያንስም። ልጁም ከውድድሩ ቀን በፊት እየደጋገመ ይለማመደዋል። ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው አለ። ይህ ሰው መምህር ነው፤ ወይም የመምህር ልብ ያለው ሰው ነው።

በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ቢሆን ይህ ጥበብ ነበረ። የኔታ ሕፃኑን ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት፣ ከዳዊት ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ሲያሸጋግሩት፣ አንዱን ሳያጠና ወደሌላው አያሳልፉትም ነበር። እያንዳንዱ ደረጃ ለልጁ አቅም የተለካ መሰናክል ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ልክ የሌለው መሰናክል ነው። ማንም አላቆመውም፤ ወይም ያቆመው ሰው ለልጁ አስቦ አላቆመውም። ቁመቱ አይታወቅም፤ ብዛቱ አይቆጠርም፤ ለአንዱ አለ፣ ለሌላው የለም። የቆሎ ተማሪው ዳዊት መድገሙ ትምህርት ነው፤ በየደጁ ሲለምን ውሻ መንከሱ ግን ትምህርት አይደለም። ሁለቱ ባንድ ልጅ ሕይወት ውስጥ አብረው ስለ ተገኙ፣ ሊቅነቱን ከውሻው ንክሻ ያገኘው አድርጎ ማውራት ታላቅ ስሕተት ነው።

የዚህን ልዩነት ከኡጋንዳዊው ከጆን አኪ-ቡዋ የበለጠ የሚያሳይ ሕይወት አናውቅም። አኪ-ቡዋ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር መሰናክል በ47.82 ሴኮንድ የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኝ፣ ያን ርቀት ከ48 ሴኮንድ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አሥሩን መሰናክል እንደሱ አድርጎ የዘለለ በዓለም አልነበረም። በአገሩ ግን የኢዲ አሚን አገዛዝ ሰፍኖ ነበር። በ1971 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኬንያ ተሰደደ፤ ከዚያም ወደ ጀርመን ሄደ። ቁመቱ 91.4 ሳንቲ ሜትር የሆነውን መሰናክል ሁሉ ያሸነፈው ጉልበት፣ ልክ የሌለውን መሰናክል ሊያሸንፈው አልቻለም፤ ማምለጥ ብቻ ነበር የሚቻለው። በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1989 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ አሠልጣኝ ሆኖ ወጣቶችን አስተማረ። ያስተማራቸው ግን አሥሩን መሰናክል እንጂ ስደትን አልነበረም። ስደትን ለጥንካሬ ብሎ የሚያስተምር መምህር የለምና።

አሁን ወደ ጎረቤላ እንመለስ። የአንኮበር አገር ከቁንዲ ተራራ ውርጭ ተነሥቶ ባንድ ጀምበር መንገድ ወደ ዓልዩ አምባ ቆላ፣ ከዚያም ወደ አፋር ሜዳ የሚወርድ አገር ነው። በእንዲህ ያለ አገር ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ላይ ሲሠራ ለአንዱ ቀበሌ ልጅ በደጁ ይሆናል፤ ለሌላው ደግሞ ዳገትና ወንዝ ማዶ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ነው የምትነሣው። እነዚህ ሁለት ልጆች በዓመቱ መጨረሻ ባንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው እኩል ነው፤ መሰናክሉ ግን እኩል አይደለም። አንደኛዋ በመነሻው መስመር ላይ ስትቆም፣ ሌላዋ ስንቱን መሰናክል ዘልላ፣ ደክማ ነው የምትደርሰው። ይህን ያላየ ዳኛ፣ ፍርዱ በወረቀት ትክክል ቢሆንም በእውነት ትክክል አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን፤ ሁለቱም ሊናቁ አይገባም።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለ ነበር አይደለምን ለዚያ ክብር የበቃው? መንገዱ ቢያጥርለት ኖሮ ኃይሌን እናገኝ ነበርን?» መልሳችን ይህ ነው። በዚያ መንገድ የሮጠውን አንዱን እንቆጥራለን፤ በዚያ መንገድ ርቀት ምክንያት ከትምህርት የቀሩትን ግን ማን ይቆጥራቸዋል? ስማቸው በጋዜጣ አይወጣም። የወደቁትን ሳይቆጥሩ ያለፈውን ብቻ ቆጥሮ መሰናክሉን ማመስገን፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰውን ብቻ ጠይቆ ጦርነት ሰው አይገድልም እንደ ማለት ነው። ከዚህም በቀር፣ በልጅነቱ በእግሩ የተንከራተተ አባት ልጁን ለማጠንከር ብሎ ቤቱን ከትምህርት ቤት ሲያርቅ አላየንም። ሰው በአንደበቱ መከራን ቢያመሰግንም፣ ለልጁ ሲመርጥ የልቡን እውነት ይገልጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይጠልቃል። «ዓለም ልክ ያለው መሰናክል ብቻ የሚገኝባት ስታዲዮም አይደለችም፤ ልጁን በተለካ ነገር ብቻ ካሳደጋችሁት፣ ያልተለካው በመጣበት ቀን ምን ይሆናል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ያልተለካው መምጣቱ አይቀርም። በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው፣ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያም በቶኪዮ ድሉን የደገመው አበበ ቢቂላ፣ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ይህን መሰናክል ያቆመለት አሠልጣኝ አልነበረም። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲታከም ቆይቶ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሰለፈ። ይህን ጽናት ከየት አገኘው? በመኪና አደጋ ተለማምዶ አይደለም። በተለካ ርቀት፣ በተለካ ጊዜ፣ የሚያስብለት አሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞ፣ በየቀኑ ያጠራቀመው ነው። ደግሞም ብቻውን አልነበረም፤ ሐኪም ነበረው፣ የሚረዳው ሰው ነበረው። ስለዚህ ላልተለካው መከራ የሚሆን ስንቅ የሚሰነቀው ከተለካው ልምምድ ነው እንላለን። ዋና የሚለመደው በጎርፍ ውስጥ አይደለም፤ በጎርፍ ውስጥ የሚተርፈው ግን ዋና የለመደ ነው።

ይህን ስንል መሰናክል ሁሉ ይነሣ ማለታችን አይደለም። መሰናክሉን ሁሉ የሚያነሣ መምህር፣ የማይነሣውን ከሚያቆም መምህር ያላነሰ ይበድላል። ለዚህ ብዙ ርቀን መሄድ አያሻንም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ያን ጊዜ አንዱ ተማሪውን፣ አንዱ መምህሩን፣ አንዱም ፈተናውን ወቀሰ። እኛ ግን ነገሩን በመሰናክል ምሳሌ ብንመለከተው ይሻላል እንላለን። ለብዙ ዓመታት በየክፍሉ ሊቆም የሚገባው ትንሹ መሰናክል ሳይቆም ቀርቷል፤ ወይም ቆሞ ሳለ ልጁ በጎኑ ዞሮ እንዲያልፍ ታይቶ እንዳልታየ ተትቷል። በመጨረሻ ግን የጎልማሶቹ መሰናክል በሙሉ ቁመቱ ባንድ ቀን ፊቱ ቆመ። በ76.2 ሳንቲ ሜትር ያልተለማመደ ልጅ 106.7 ሳንቲ ሜትር ዝለል ቢባል ምን ሊሆን ነው? የመጨረሻውን መሰናክል በልኩ ማቆም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፍትሕ የሚሆነው የመጀመሪያዎቹም በልካቸው ቆመው ልጁ ሲለማመድባቸው የኖረ እንደ ሆነ ነው።

ልክ የሚያወጣ ሰው ኃላፊነቱ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከስፖርት ታሪክ አንድ ነገር እንጥቀስ። በ1924 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ፣ በ3,000 ሜትር መሰናክል የመጨረሻ ውድድር፣ ዙር የሚቆጥረው ሰው ተሳሳተና ሯጮቹ አንድ ዙር ጨምረው እንዲሮጡ ሆነ። ፊንላንዳዊው ቮልማሪ ኢሶ-ሆሎ በማናቸውም መንገድ አሸናፊ ነበር። አሜሪካዊው ጆ ማክላስኪ ግን ትክክለኛው 3,000 ሜትር ባበቃበት ቦታ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ሳለ፣ በተጨመረው ዙር ተቀድሞ ሦስተኛ ሆነ። ሯጩ አላጠፋም፤ የተሳሳተው ቆጣሪው ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሯጩ ነው። በትምህርትም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ሳይደርስ ሲቀር፣ መምህሩ ሳይመደብ ሲቀር፣ ፈተናው ያልተማሩትን ሲጠይቅ፣ የተሳሳተው ሌላ ነው፤ በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን የልጁ ስም ነው።

ከሁሉ የከፋው መሰናክል ደግሞ ጦርነት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና ደርሶ እንደ ነበር የሰሜን ሸዋ ሰው አይረሳውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ለእነዚህ ልጆች «ችግር ሰውን ያጠነክራል» ብሎ መናገር መምከር አይደለም፤ መሳለቅ ነው። የተዘጋ ትምህርት ቤት ልጅ የሚዘለው መሰናክል አይደለም። ልጁ ሊሻገረው የማይችለውን ነገር ማንሣት የትልልቆቹ ዕዳ ነው።

የቀረን አንድ ነገር ነው፤ እሱም የመውደቅ ነገር ነው። ለሜቻ ግርማ በሰኔ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በፓሪስ 3,000 ሜትር መሰናክልን በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ፣ በነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በዚያችው በፓሪስ ከተማ በኦሊምፒክ የመጨረሻ ዙር ላይ መሰናክሉ ጠልፎት ወደቀና በቃሬዛ ተወሰደ። በዓለም ላይ ከሱ የበለጠ ያን መሰናክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ወደቀ። እንግዲህ መውደቅ ያለማወቅ ምልክት ብቻ አይደለም። አዋቂም ይወድቃል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በወደቀ ሰው ላይ ቃል የሚያነሣ ብዙ ነው። መምህር የሚለየው ግን እዚህ ላይ ነው። ተመልካች «ለምን ወደቀ?» ይላል፤ መምህር «የት ላይ ወደቀ?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ፍርድ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የሚታረመውን እርምጃ ይፈልጋል።

ራሱ ወድቆ የሚያውቅ፣ ሦስተኛ መውጣትን የሚያውቅ፣ በሰው ወርቅ ብርሃን የተሸፈነ ነሐስ ይዞ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው፣ መምህር ሲሆን የሚሰጠው ልዩ ነገርም ይኸው ይመስለናል። ለተማሪው «አንደኛ ካልሆንህ ምንም አይደለህም» አይለውም፤ ራሱ አንደኛ ሳይሆን ሰው ሆኖ ኖሯልና። ሜዳልያ ባንድ ሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ለሌላ ሰው ቢያውሱት ጌጥ እንጂ ድል አይሆንለትም። ዕውቀት ግን ለሌላው ሲሰጡት ለሰጪውም ሳይጎድል በተቀባዩ እግር ውስጥ እንደ ገና ይሮጣል። የእሸቱ ቱራ የሞስኮ ሩጫ ስምንት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ብቻ ፈጀ፤ ማስተማሩ ግን የብዙ ዓመት ሥራ ሆነ። ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ብሎ ለሚጠይቀን፣ ያለ መጀመሪያው ሁለተኛው በዚያ መልክ ባልመጣ ነበር፤ ያለ ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው ትዝታ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር ብለን እንመልሳለን።

ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ የደረስንበት መልስ ይህ ነው። መሰናክል በራሱ በጎም ክፉም አይደለም። ልክ ሲኖረው፣ ለልጁ ዕድሜና አቅም ሲታሰብ፣ ለሁሉ እኩል ሲቆም፣ አስቀድሞ ልምምድ ሲሰጥበት፣ የወደቀበትም የሚያነሣው ሲያገኝ በጎ ነው፤ ስሙም ትምህርት ይባላል። ይህ ሁሉ ሲጎድለው ክፉ ነው፤ ስሙም በደል ይባላል፤ አንዳንዶች በብርታታቸው ቢያልፉትም እንኳ በደልነቱ አይለወጥም። መሰናክል የማቆም መብት ያለውም፣ ያቆመውን መሰናክል ቁመት የሚያውቅና ከወደቀው ልጅ ጋር አብሮ የሚቆም ሰው ብቻ ነው።

ሹም የሆነ ሰው ልክ የሌለውን መሰናክል ለማንሣት ይድከም፤ መንገዱን፣ ድልድዩን፣ መጽሐፉን፣ ከሁሉም በላይ ሰላሙን ያስብ። መምህር የሆነ ሰው ልክ ያለውን መሰናክል ሳይታክት ያቁም፤ ዛሬ በርኅራኄ ዝቅ አድርጎ ያሳለፈው ነገ በሌላ ቦታ ልጁን እንደሚጥለው ይወቅ። ተማሪ የሆነ ሰው ደግሞ ሁለቱን መለየት ይልመድ፤ የሚያሳድገውን መሰናክል በጎኑ ዞሮ ለማለፍ አይሞክር፤ የማይገባውን መሰናክል ግን ይገባኛል ብሎ አንገቱን አይድፋ። ከጎረቤላ ዳገት ሥር ደብተሯን ይዛ የምትነሣው ልጅ ከኛ የምትፈልገው ጽናቷን እንድናደንቅላት አይደለም። ወንዙ ላይ ድልድይ፣ በክፍሉ ውስጥም መምህር እንዲቆምላት ነው። ያን ጊዜ የምትዘልለው የራሷን መሰናክል ብቻ ይሆናል፤ ብትወድቅም ብታሸንፍም ውጤቱ በእውነት የሷ ነው ለማለት እንችላለን።